የሰማንያ ሦስት ቀሪ

ዘንድሮ ሚያዝያ ጅጅጋ ላይ አጥብቆ ዘንቧል። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድበው እርስ በርስ መሰማማት ስለማይቻል፣ ከሰዓት በኋላውን በየቦታችን ዝም ብለን ነው የምናሳልፈው። ባለቤቴ ጽጌ ጓዳ ውስጥ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ መስኮቱ ሥር ጋቢዬን ደርቤ እቀመጣለሁ፤ የልጅ ልጃችን ቤቲ ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን ትዘረጋለች። በቀደም ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ብቸኛ ቁጥር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል እንዳላለፍኩ በቤታችን የታወቀ ነው። የጠየቀችኝ ለጨዋታ ነበር።

«ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነዋ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማን አስተማረህ?»

«አስተማሪ ነው ያስተማረኝ። ጭቃ ላይ።»

ስልኳ ውስጥ የፈለጉትን ቁጥር ሲያስገቡለት አካፋዮቹን ሁሉ የሚዘረዝር ነገር እንዳላት ነገረችኝና፣ «እስቲ አንድ ትልቅ ቁጥር ጥራ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ትልቅ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ። ሦስት ሦስቶች፣ አንድ አምስት፣ ሁለት ሰባቶች። ጣቷ ስልኩ ላይ ሲያርፍ ግን እጇን ያዝኳት። «ቆይ፣ ከመንካትሽ በፊት ከየት እንዳመጣሁት ልንገርሽ» አልኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ያኔ ግንበኛ ነበርኩ። ሀርሺን ላይ በርካ እንሠራ ነበር። በርካ ማለት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በድንጋይ ተገንብቶ በሲሚንቶ የሚለሰን ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በዚያ አገር ወንዝ ስለሌለ ሰውም ከብትም በጋውን የሚወጣው በእሱ ነው። የበርካ ልስን አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ዛሬ የተለሰነውና ከነገ ወዲያ የሚለሰነው አይያያዙም፤ በመጋጠሚያቸው ውሃ ይሰርጋል። ስለዚህ አሠሪዬ ልስኑ ሳያልቅ አልለቅህም ብሎ እስከ ዓርብ ጠዋት አቆየኝ። እሁድ ደግሞ ጅጅጋ ላይ ሰርጌ ነበር።

የጽጌ አባት ባሻ ወልዴ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ንግግራቸው ሁሉ እንደ ትእዛዝ ነው። ሽማግሌ ስልክባቸው፣ «ግንበኛ ዛሬ እዚህ ነው ነገ እዚያ ነው» ብለው ብዙ አንገራግረዋል። በመጨረሻ እሺ ሲሉም አንድ ነገር አስጠንቅቀው ነበር፦ «ድንኳን ጥዬ፣ ሰው ጠርቼ፣ ሙሽራው ቢቀርብኝ ሁለተኛ በደጄ እንዳያልፍ።» ይህን የሚሉት ለማስፈራራት እንዳልሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከወንድማቸው ጋር በአንድ ቀጠሮ ምክንያት ተኳርፈው እስኪሞቱ አልታረቁም።

ቢሆንም ከሀርሺን ጅጅጋ ሩቅ አይደለም። ዓርብ ጠዋት የተነሳ ሰው ሲመሽ ቤቱ ነው። የፍየል ቆዳ በጫነው በጉሌድ መኪና ተሳፈርኩ። ጉሌድ ቀልደኛ ሹፌር ነበር፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያወራል። ከእኔ ሌላ ሁለት ተሳፋሪዎች ነበሩ። አንዷ ቅቤ ነጋዴዋ ኤዶ ሀሊማ ናቸው፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ሁለተኛው የሀርሺን አስተማሪ መምህር ኃይሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ከእኔ ቢበልጥ በጥቂት ዓመት ነው፤ ግን ከእኛ መካከል አንተ ለማለት የሚደፍረው አልነበረም።

ከሀርሺን መውጫ ኬላ ነበር። የጭነት መኪና ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ ስለነበር ጉሌድ ዘዴውን ያውቅበታል፤ የመንግሥት አስተማሪ ከሆነ ያሳልፋሉ። ከመድረሳችን በፊት ወደ መምህር ዞሮ፣ «መምህር፣ ሦስታችሁም አስተማሪ ናችሁ፣ እሺ? ኤዶ ሀሊማ ስለ ቅቤ ነው የሚያስተምሩት» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ መምህር ግን አልሳቀም። ኬላ ጠባቂው ሲጠይቀው፣ «አስተማሪው እኔ ነኝ። እሱ ግንበኛ ነው፤ እሳቸው ነጋዴ ናቸው» ብሎ እቅጩን ተናገረ።

ውረዱ፣ ውጡ፣ ቆዳው ይራገፍ፣ አለቃው ይጠራ ተባለ። ጉሌድ ሲለምን፣ ኤዶ ሀሊማ ሲሳደቡ፣ ረጅም ሰዓት እዚያ ፀሐይ ላይ ተገተርን። «ምን ነበረበት እንደው ዝም ብትሉ?» አልኩት መምህርን በንዴት። «ጠየቀኝ እኮ» አለኝ።

ያች የጠፋች ሰዓት ናት ጉድ የሠራችን። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ ቶግ የሚባሉ ደረቅ ሸለቆዎች አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ናቸው፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ይሞላሉ። የመጀመሪያውን ቶግ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ተሻገርን። ሁለተኛው ዘንድ ስንደርስ ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድና ቁጥቋጦ እያንከባለለ ይወርዳል። ቀለሙ የሸክላ ጭቃ ነው። ከዚያኛው ዳር የቆመ አንድ የጭነት መኪና መብራቱን ብልጭ አድርጎልን ዞሮ ሄደ። ቀደም ብለን ብንደርስ ኖሮ እኛም በዚያኛው ዳር እንሆን ነበር። ጉሌድ ወደ ኋላ ሲመለስ የመጀመሪያውም ቶግ ሞልቷል። በሁለት ውሃ መካከል፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ ቀረን።

እስር ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ያኔ ግን የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ግድግዳ ቢኖረው እንኳ ግድግዳውን ትደበድባለህ። እዚያ ያለው ሰፊ ሜዳና ሰፊ ሰማይ ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ትንሽ ትራመድና ያው ድምፅ ይገጥምሃል። ውሃው ቀንም ሌትም ያገሳል። የረጠበው ቆዳ ይሸታል። ኤዶ ሀሊማ ተምርና ሩዝ ነበራቸው፤ ከቅቤያቸውም እየጨመሩ አበሉን፤ እኔ ግን ጉርሻው አልወርድ አለኝ። ጽጌ እጇን ሂና ተቀብታ ስትጠብቅ ነው የሚታየኝ፤ ባሻም ደጃፉ ላይ ቆመው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ጫማዬን አወለቅሁና ዋኝቼ እሻገራለሁ አልኩ።

«መዋኘት የት ተማርክ? በርካ ውስጥ?» አሉ ኤዶ ሀሊማ። «ሶብር አድርግ፣ ታገስ፣ ልጄ። ሙሽራ ሲዘገይ ይቆጣሉ፤ ሬሳ ሲመጣ ያለቅሳሉ።»

እኔ ግን ቆርጫለሁ። ጉሌድ ጭነት የሚያስርበትን ረጅም ገመድ ወገቤ ላይ አስሬ፣ እነሱ ጫፉን ይዘው፣ እኔ ለመሻገር ነበር ያሰብኩት። ጉሌድ፣ «ወላሂ ገመዴን ለሞት አላከራይም» ብሎ እንቢ አለ። በዚህ መሀል መምህር ኃይሉ ከተቀመጠበት ተነሳና የመኪናው በር አጠገብ ወደተለጠፈችው ትንሽ ብረት ወሰደኝ። የሻንሲ ቁጥሩ ተቀርጾባታል፦ 333577።

«ይህን ቁጥር ከአንድና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር ካገኘህ፣ ጉሌድን አስፈቅጄ ገመዱን እኔ ራሴ እይዝልሃለሁ» አለኝ። «እስክታገኝ ግን ውሃው ውስጥ አትገባም። ማልልኝ።»

እኔም ሳቅ አልኩ። ሦስት ሦስቶች አሉበት፤ በሦስት ሊካፈል ግድ ነው ብዬ። «ሥላሴን» ብዬ ማልኩ።

«እንግዲያው ጎዶሎ ስለሆነ ሁለት ወጣ» አለ፤ በእንጨት ጭቃው ላይ እየጻፈ። «ሁለት ካልገባ አራትም ስድስትም አይገቡም። መጨረሻው ሰባት ነው፣ አምስትና አስርም ወጡ። ለሦስት ደግሞ አኃዞቹን ደምራቸው።»

ደመርኩ። ሃያ ስምንት መጣ።

«ሃያ ስምንት በሦስት ይካፈላል?»

«አንድ ይቀራል።»

«ስለዚህ ትልቁም አይካፈልም።» ከዚያ ፊቱ በራ፤ እኔ መናደዴን የረሳ መሰለኝ። «ሃያ ስምንት ራሱ ግን ግሩም ቁጥር ነው። አካፋዮቹን አንድን፣ ሁለትን፣ አራትን፣ ሰባትን፣ አሥራ አራትን ብትደምራቸው ተመልሰው እሱኑ ይሰጡሃል። ፍጹም ቁጥር ይባላል። እንደዚህ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው።»

«ፍጹምነቱ ጅጅጋ ያደርሰኛል?» አልኩት። ጉሌድ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ጭቃ ላይ ተደፍቼ ሳካፍል ዋልኩ። በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት። መምህር የቱን መሞከር እንዳለብኝ ይነግረኛል፤ ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ። ማቆሚያዬም አምስት መቶ ሰባ ሰባት እንደሆነ ነገረኝ፤ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚመጡ አንዱ ከዚያ ከበለጠ ጓደኛው ከዚያ በታች ነው፣ ቀድሜ አገኘዋለሁ። «ደግሞ እየው» አለኝ፣ «577 እዚያው ቁጥሩ ጅራት ላይ ተጽፏል። አጋጣሚ ነው እንጂ፣ እንዴት ደስ ይላል።» እኔን ምንም ደስ አላለኝም። ውሃው በሁለት በኩል አጥሮኛል፤ አሁን ደግሞ ቁጥሩ ሦስተኛ አጥር ሆነብኝ።

አንድ ሕግ ነበረው። አይካፈልም ማለት አይበቃም፤ ቀሪው ስንት እንደሆነ መናገር አለብኝ። «ቀሪውን ያልተናገረ ሰው አላካፈለም» ይላል። አርባ አንድ ላይ ስደርስ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ሁለቴ ሠራሁት፤ ያው አንድ።

«አንድ ብቻ እኮ ነው፣ መምህር» አልኩት። እየለመንኩት ነበር።

«ቀሪ ቀሪ ነው።»

«አንዷን እኔ ኪሴ ልክተታትና ልቀቁት» አለ ጉሌድ። ኤዶ ሀሊማም ከልባቸው አዘኑልኝና በቅመም የፈላ የወተት ሻይ ሰጡኝ። መምህር ግን ዓይኑን እንኳ አላሸም። ኬላው ላይ ትንሽ ቢያልፈው ኖሮ፣ አሁንም አንዷን ቢያልፋት፣ ምን ይጎድልበታል እያልኩ በሆዴ ረገምኩት።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ውሃው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሌሊት ደጋው ላይ ስለዘነበ ጨምሯል። በዚያ ሰዓት ጅጅጋ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ሚዜዎቼ እየተላላኩ ነው። እንደ እብድ ነበር የማካፍለው። በሰባ ሦስት አርባ ቀረ። በሰባ ዘጠኝ ሠላሳ ዘጠኝ ቀረ። ቀጣዩ ሰማንያ ሦስት ነበር። እንጨቴን አንስቼ ስምንትን ጽፌ ሦስትን ልጨምር ስል የመምህር ጥላ ወደቀብኝ። እሱም ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ፣ ቅዝቃዜው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። በሁለት እጁ ሻይ ይዟል። አንዱን ሰጠኝና እዚያው ልጽፍበት ባልኩት ጭቃ ላይ፣ በዚያ ንጹሕ ሱሪው ቁጭ አለ።

«ሰማንያ ሦስትን ተወው» አለኝ። «እኔ ሠርቼዋለሁ። አይሄድም። ወደ ሰማንያ ዘጠኝ እለፍ።»

«ቀሪው ስንት ነው?» አልኩት። እሱ ያስለመደኝን ጠየቅሁት እንጂ ተጠራጥሬ አልነበረም።

ወደ ውሃው ተመለከተ፤ አንድ የግራር ግንድ ሥሩ ወደ ላይ እንደሆነ እየተገለባበጠ ያልፍ ነበር። ግንዱ ከዓይናችን እስኪሰወር ተከተለው።

«አለው» አለ በመጨረሻ። «ሻይህን ጠጣ።»

ጠጣሁ። ወደ ሰማንያ ዘጠኝ አለፍኩ። አምስት ቀረ።

ረፋዱ ላይ ከማዶ አንድ እረኛ ግመሎቹን ወደ ውሃው ዳር አመጣ። አንድ ጎረምሳ ግመል ከመንጋው አፈትልኮ ገባ። ግመል ረጅም ነው፣ ይረግጠዋል ብለን አየነው። መጀመሪያ ደረቱን ሸፈነው፣ ከዚያ አንገቱ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ አንገቱ ዞረ። እረኛው በሩጫ ዳር ዳሩን እየተከተለ ሲጮህ ድምፁ በውሃው ጩኸት አይሰማም፤ አፉ ሲከፈት ብቻ ነው የሚታየን። ኤዶ ሀሊማ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። እኔ እንጨቱን ከእጄ ጣልኩ። ማንም ተው ሳይለኝ ወስጄ ጫማዬን አደረግሁ።

ሰኞ ጠዋት ውሃው ወረደ። ጉሌድ መኪናውን እያጓራ አሻገረን፤ በቀብሪበያ ሳንቆም አለፍንና ቀትር ላይ ጅጅጋ ገባን። መምህር ቤቱ ሌላ ሰፈር ቢሆንም ከእኔ ጋር ወረደ። ባሻ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድንኳኑ ግማሹ ፈርሷል። እኔን ሳያዩ መምህሩን ተመለከቱ።

«ይህ ልጅ እሁድን ሊደርስ ውሃ ውስጥ ሊገባ ነበር» አላቸው መምህር። «የያዝኩት እኔ ነኝ። የሚወቀስ ካለ እኔ ልወቀስ።»

ባሻ ከመቀመጫቸው ተነሱ። የመምህር ኃይሉን ስም ጅጅጋ ያለ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈተና የወደቀውን የአንድ ትልቅ ሹም ልጅ ወድቋል ብሎ ጽፎ፣ ሀርሺን የተላከው በዚያ ምክንያት ነው ይባል ነበር። «አንተ ካልክ እውነት ነው» አሉና ወደ ግቢ ዞረው፣ «ድንኳኑን መልሱት» አሉ። በተረፈው ወጥ፣ በሰኞ ቀን ተዳርን። ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ የሰኞ ሙሽራ ይለኛል።

ማታውን መምህር ከጎኔ ተቀምጦ ሲበላ፣ «ቁጥሩን እስከ 577 ልጨርሰው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። እንጀራውን እየቆረሰ፣ «ተወው» አለኝ። «አሁን ምን ያደርግልሃል?» በኋላ ደምበል ወደሚባል ሌላ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ። ደብዳቤ መጻጻፍ አልለመድንም፤ ማረፉን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ይኸው ነው፣ አልኳት ለቤቲ። አሁን ንኪው።

ቁጥሩን አስገባች። ጊዜ አልወሰደም። «አባባ፣ ብቸኛ አይደለም» አለች። «አካፋዮቹ አራት ናቸው። አንድ፣ ሰማንያ ሦስት፣ አራት ሺህ አሥራ ዘጠኝና ራሱ።»

«ስንት አልሽ?»

«ሰማንያ ሦስት።»

እስክሪብቶዋን ተቀበልኳት። በደብተሯ ጀርባ ጻፍኩት። ሰማንያ ሦስት በሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ውስጥ አራት ጊዜ ይገኛል፤ አንድ ይቀራል። አምስትን አወረድኩ፤ አሥራ አምስት፣ አይገባም፣ ዜሮ። ሰባትን አወረድኩ፤ መቶ ሃምሳ ሰባት፣ አንድ ጊዜ፣ ሰባ አራት ይቀራል። የመጨረሻውን ሰባት አወረድኩ፤ ሰባት መቶ አርባ ሰባት። ዘጠኝ ጊዜ ሰማንያ ሦስት፣ ሰባት መቶ አርባ ሰባት። ምንም አልቀረም። መምህር ባያስቆመኝ ኖሮ፣ ያን ጠዋት ሻዬን ሳልጠጣ ጭቃው ላይ አገኘው ነበር።

«አስተማሪው ተሳስቶ ነዋ» አለች ቤቲ።

«አልተሳሳተም» አልኳት።

ጥቂት ቆይታ ገባት። ዓይኗን ከእኔ ወደ ጓዳው በር፣ ከጓዳው በር ወደ እኔ አመላለሰች። ጽጌ የምስሩን ሰፌድ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምንድን ነው ሁለታችሁም ዝም ያላችሁት? የምን ሂሳብ ነው?»

«የሰርጋችን» አልኳት።

«እሱ እስከ ዛሬ አላለቀም?»

«አሁን አለቀ።»

ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። እኔ መስኮቱ ሥር ሆኜ የማስበው ያን ሰው ነው። በኬላው ላይ ስላስጠፋን ሰዓት ብዙ ዓመት ስወቅሰው ኖሬያለሁ፤ ለወዳጅም ለዘመድም እያወራሁ አስቄበታለሁ። እሱ ግን ሰርጌ ላይ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ደምበልም ሄዶ፣ ያችን አንዲት ቃል ብቻውን ተሸክሟት ኖረ። ውሸት ስላልለመደ ቀሪ ቁጥር እንኳ መፍጠር አቅቶት ነበር። አሥር ቢለኝ፣ ሃያ ቢለኝ አምነው ነበር። አለው ብቻ አለኝ፤ ሻዩን እንድጠጣም ነገረኝ።